እህል ያጣ ወፍጮ

በባለ ወፍጮዋ ሽፋሽፍት ላይ ዱቄት አልነበረም። ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው ሽፋሽፍቱ ካልነጣ አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው። የእሷ ግን ሱቅ ውላ እንደምትገባ ሴት ጥቁርና ንጹሕ ነበር። መዳፏ ብቻ በዘይት ወዝቷል።

ባሏ ሞቶ ሞተሩን ስትረከብ ናፍጣ እንደ መድኃኒት የሚፈለግበት ጊዜ ነበር። ሰው እህሉን ተሸክሞ ይመጣል፤ "ናፍጣ የለም" ትለዋለች፤ ተሸክሞ ይመለሳል። በየአጥሩ የበቀለውን፣ ከብት እንኳ የማይቀምሰውን ቁጥቋጦ ልብ ያለችው ያን ጊዜ ነው። ፍሬው መርዝ ነው፤ ዘይቱ ግን ይነዳል። መጭመቂያ አሠርታ፣ ዘይቱን በጨርቅ ደጋግማ አጥልላ ለሞተሩ ሰጠችው። ሞተሩ ትንሽ ካሳለው በኋላ ጠጣው። ትናንት አጥር የነበረ ነገር ዛሬ ድንጋይ ሲያዞር ቆማ አየችና በደስታ አለቀሰች።

ጭሱ የማድ ቤት ሽታ ነበረው። ጎረቤቶች በደጇ ሲያልፉ፣ "ባለ ወፍጮ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ተጠበሰ?" ይሏታል።

"የእናንተ ምላስ!" ትላቸዋለች።

ዘይቱ አመል ነበረው፤ ሲበርደው ይወፍራል። ስለዚህ ጠዋት ሞተሩን በጥቂት ናፍጣ ታስነሳዋለች፤ ሲሞቅ ወደ ዘይቱ ታዞረዋለች፤ ከማጥፋቷ በፊት ደግሞ ወደ ናፍጣው መልሳ፣ በቱቦው የቀረው ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ቸኩላ ካጠፋችው ዘይቱ ረግቶ ያድርና ሞተሩ በማግስቱ ሬሳ ነው። የተጨመቀው ፍሬ ገለባም ጣጣ አለው። አንዴ የጎረቤት ፍየል ቀምሳው ስለሞተች፣ መጭመቂያውን ከዱቄቱ አርቃ ወደ ጓሮ ወሰደችው።

ሰው ሁሉ ከእሷ ተማረ። በአጥር ዳር መትከሉ ደግ ነገር ነበር፤ መሬት አይሻማም፣ ከብት ያግዳል፣ ሞተር ያዞራል። ነጋዴዎች በመኪና እየመጡ ፍሬውን መግዛት ሲጀምሩ ግን አጥሩ ወደ ማሳ ገባ። አንዱ የበቆሎ መሬቱን ሰጠ፣ ሌላው የስንዴውን። ዱቄት ከሩቅ ተፈጭቶ፣ በከረጢት ታሽጎ በሱቅ ይሸጥ ጀመር። እሷ ዘንድ ዘይቱ በበርሜል ሞልቶ የሚፈጭ እህል ታጣ።

በአካባቢው እህል የሚዘራበት አንድ መሬት ብቻ ቀረ። ከወፍጮ ቤቱ በታች ያለው፣ ከእናታቸው ለእሷና ለታናሽ ወንድሟ የደረሰው የበቆሎ ማሳ ነው። አንድ ጠዋት ወንድሟ የቁጥቋጦውን ችግኝ በጋሪ ጭኖ መጣ።

"እትዬ፣ ዝናቡ ሳያመልጠን ማሳውን ዛሬውኑ እንትከለው።"

"በምን?"

"በምን ትላለች እንዴ! አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽን?"

"እኔ አጥር አልኩ እንጂ ማሳ አልኩ?"

"ተክሉ እንደሆነ አንድ ነው።"

"ሆድህን ጠይቀው፤ ልዩነቱን እሱ ይነግርሃል።"

ወንድሟ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። "በቆሎው ምን አደረገልኝ? ቤቴን ቆርቆሮ ያለበስኩት በዚህ ፍሬ ነው። ልጄ የታከመችው በዚህ ፍሬ ነው። አሁን ክፉ ነው ልትዪኝ ነው?"

እውነቱን ነበር። ልጅቷን አቅፋ ሐኪም ቤት ያደረሰቻት ራሷ ናት። ወደ ወፍጮ ቤቱ ገባችና ሞተሩን አስነሳችው።

"ሰው የለም እኮ! ለማን ነው?"

"ላንተ።"

ሲሞቅ ወደ ዘይቱ አዞረችው፤ ቀበቶውንም ከወፍጮው ጋር አገናኘች። እህል በመሃል ሲኖር ድንጋይ ያጉረመርማል። ባዶውን ሲዞር ግን ይጮኻል። ድንጋይ ድንጋይን ሲበላ ጩኸቱ ጥርስ ውስጥ ይገባል። በልጅነቱ እዚህ ቤት ጆንያ ተሸክሞ ያደገው ወንድሟ ጆሮውን ያዘ።

"አጥፊው! ድንጋዩን ጨረሽው እኮ!"

ወደ ናፍጣው መለሰችው። "ዘይቱ እስኪያልቅ ጠብቅ።"

ድንጋዩን ለማቆም ቀበቶውን ማውለቅ ትችል ነበር፤ አላወለቀችም። ወንድሟ እህል ይፈስበት ወደነበረው የወፍጮው አፍ ቀና ብሎ አየ። ሸረሪት አድርቶበታል። ሞተሩ ጸጥ አለ።

"መንገድ ተቆርጦ ሱቁ ባዶ የሆነ ቀን፣ ይህን ዘይት ለልጆችህ ታጠጣቸዋለህ?" አለችው።

"መርዝ ነው" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"እንግዲያው በዳር በዳሩ ትከል። መሃሉ የአፍ ነው።"

"ከችግኙ የሚበዛው ሊተርፈኝ ነው!"

"ይትረፍህ።"

ወንድሟ ከጋሪው አንድ ችግኝ አንስቶ በሥሩ ላይ ያለውን እርጥብ አፈር በአውራ ጣቱ ይደባብስ ጀመር። እሷ መልሱን አልጠበቀችም። የበቆሎ ዘሯን በሽርጧ ቋጥራ፣ መቆፈሪያዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቁልቁለቱን ወረደች።

"እትዬ!" አለ ከኋላዋ። "በየትኛው ዳር ልጀምር?"

ዞር ሳትል እጇን ዘርግታ የማሳውን ዙሪያ በሙሉ አሳየችው፤ ከዚያ እጇን መልሳ የሽርጧን ቋጠሮ ያዘችና ወደ መሃሉ መራመዷን ቀጠለች።