ሚሳኤል የያዘው ኮድ

ትሩፋት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ከዚያ ሁሉ ዓመት ይዛ የወጣችው የታመመ ወገብና አንድ እውቀት ነው፤ ወረቀት ይዞ የማይሰጥ ሰውን ከሩቅ መለየት። እንዲህ ያለው ሰው ሌላ ምንም የለውም። ትምህርቱ ትንሽ፣ ሙያው ትንሽ፣ ወዳጁ ትንሽ ነው። ብቻ አንድ መሳቢያ አለው፤ መሳቢያው ቁልፍ አለው፤ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ ነው። ባለጉዳይ ደጁ ላይ ቆሞ ሲለማመጠው ያን ጊዜ ሰው የሆነ ይመስለዋል። ትሩፋት ይህን ያወቀችው ሌሎችን አይታ ብቻ አይደለም። ሥራ በጀመረችባቸው ዓመታት እሷም ፋይሉን ፊቷ አስቀምጣ «ነገ ይመለሱ» ብላ ሰው ሸኝታለች። እንዴት እንደሚጣፍጥ ታውቀዋለች። የምትጠየፈውም ስለምታውቀው ነው።

የታናሽ እህቷ የአስቴር ባል ሚሳኤል ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነው። ፉሪ ቤት ሠርቶ የሚኖር ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ሰው በራሱ እግር ሄዶ የሚጨርሰውን ጉዳይ እሱ «እዚያ ሰው አለኝ» እያለ ሦስት ቀን ያቆየዋል፤ ከዚያ ይመረቅበታል። ትሩፋት ሀና ማርያም ካለው ኮንዶሚኒየሟ ተነሥታ ፉሪ የምትሄደው ለአስቴር ስትል ነው። እዚያ ስትደርስ ሚሳኤል በስልክ ከአንድ «ኃላፊ» ጋር ሲያወራ ታገኘዋለች። ከኃላፊው ወገን ድምፅ ሰምታ ግን አታውቅም።

የትሩፋትና የአስቴር ሟች ወንድም ልጅ ሲና አርባ ምንጭ ውስጥ ልትዳር ቀን የተቆረጠ ጊዜ ሚሳኤል እሑድ ከሰዓት ዘመዱን ቤቱ ሰበሰበ። አራት ናቸው ሠርጉ የሚሄዱት፤ ሚሳኤልና አስቴር፣ ትሩፋት፣ እንዲሁም የእናታቸው ወንድም ጋሽ ወጋየሁ። ጋሽ ወጋየሁ ሰማንያን ያለፉ፣ ጉልበታቸው የከዳቸው ሽማግሌ ናቸው።

«በመኪና አትንገላቱም» አለ ሚሳኤል፣ ከሶፋው ሳይነሣ። «በአውሮፕላን ነው የምንሄደው። ትኬቱን ጨርሻለሁ።»

ጋሽ ወጋየሁ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡና ቆመው መረቁት። ምርቃቱ ረጅም ነበር። ሚሳኤል ዓይኑን ጨፍኖ እየተቀበለ፣ ቃል ያጠራቸው ሲመስለው «አሜን» እያለ አስቀጠላቸው። ትሩፋትም አመሰገነችው። ለአንድ ሳምንት ያህል ሰውየውን በድዬው ይሆን ብላ አስባለች።

የበረራው ዋዜማ ዕለት ጠዋት ታክሲ ይዛ ጎፋ ሄደች። እዚያ ቤቴል የምትባል ባለ ኮፒ ቤት አለች፤ የጡረታ ወረቀቷን ሁሉ ያተመችላት እሷ ናት። ትሩፋት ወረቀቷ በእጇ ካልገባ እንቅልፍ የማይወስዳት ሰው ስለሆነች የመሳፈሪያውን ቦርዲንግ ፓስ ቀድማ ማውጣት ፈልጋለች።

«ኮዱን ይስጡኛ ማዘር» አለች ቤቴል።

ትሩፋት «ማዘር» መባል አትወድም። ግን ዋጠችው። «የምን ኮድ?»

«ትኬት ሲቆረጥ በስልክ የሚላክ አለ፤ ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት። እሱና የአያት ስም ካለ አሁኑኑ አወጣልዎታለሁ።»

ትሩፋት ሚሳኤል ጋ ደወለች። ጆሮዋ ስለደከመ በስልክ የምታወራው ድምፁን ወደ ውጭ ከፍታ ነው።

«ሚሳኤል፣ የትኬቱን ኮድ ንገረኝ።»

«ምን ያደርግልሻል እትዬ?»

«ቦርዲንግ ፓሴን ላወጣበት።»

ሳቀ። «እትዬ ደግሞ! እሱ እኮ እንዲህ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም። አንድ ፊደል ብትሳሳቺ የአራታችንም ትኬት ይቃጠላል።»

«አልሳሳትም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የፋይል ቁጥር ስጽፍ ኖሬአለሁ።»

«ፋይልና አውሮፕላን ይለያያል። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ጋሽ ወጋየሁን ይዘሽ ኤርፖርቱ በር ላይ ቁሚ። እኔ መጥቼ አስገባችኋለሁ። ያለ እኔ ጥበቃውም አያሳልፋችሁም።»

«ብትዘገይስ?»

«ትጠብቂኛለሻ» ብሎ ዘጋው።

ቤቴል ሁሉንም ሰምታለች። «ዋሽተዋል ሰውዬው» አለች፣ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳትል። «ኮድ ባይኖርዎትም ነገ መታወቂያዎን ቢያሳዩ እዚያው ይሰጥዎታል። አይጨነቁ።»

ትሩፋት ይህን ሰምታ ወደ ቤቷ መመለስ ትችል ነበር። ያቺ «ትጠብቂኛለሻ» ግን ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ እሾህ ቆመችባት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ ተቀባያችን ናትና ሚሳኤል ኮዱን ልኮላት ይሆናል ብላ ሙሽራዋ ጋ ደወለች። ሲና አርባ ምንጭ ልብስ ሰፊ ቤት ነበረች፤ የስፌት መኪና ድምፅ ከኋላዋ ይሰማል።

«ሲናዬ፣ የትኬቱን ነገር ማንን ልጠይቅ ብዬ ነው። አንቺ የምታውቂው ኮድ አለ?»

«ኮዱን ለጋሼ ሚሳኤል ከላክሁለት ሁለት ሳምንት ሆነው እኮ አክስቴ! ለሁላችሁም አስተላልፍ ብዬዋለሁ። አልሰጠሽም?»

«አንቺ ነሽ የላክሽለት?»

«ትኬቱን የቆረጥኩት እኔ አይደለሁ? አባቴ የለ፤ የአባቴ ወገኖች በመኪና እንዳይንገላቱብኝ ብዬ ከደሞዜ አጠራቅሜ ነው። አልነገራችሁም እንዴ?»

ቃሉ እንኳ የልጅቱ ነው። «በመኪና አትንገላቱም» ሲል ያን ያህል ያማረበት ንግግር፣ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ በስልክ ያለችውን ቃል ደግሞት ነው። ሰው ትኬት ይሰርቃል፤ ምርቃት የሚሰርቅ ግን በዕድሜዋ አላየችም። ያውም ከሰማንያ ዓመት ሽማግሌ፣ ቆመው እየመረቁት።

«ነግሮናል» አለች። ልጅቱ የሠርጓ ሳምንት ነው። «እኔ ነኝ የዘነጋሁት። እስቲ ኮዱን ላኪልኝ።»

መልእክቱ ወዲያው ገባ። ቤቴል ኮዱንና የትሩፋትን አያት ስም ጻፈች፤ አራት ስሞች በአንድነት ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። ማንም ገና አልተመዘገበም። ኮዱን የሙጥኝ ብሎ የያዘው ሚሳኤል ምን እንደሚሠራበት እንኳ አያውቅም ነበር።

«የማንን ላውጣ?»

«የአራታችንንም።»

«መቀመጫ መምረጥ ይቻላል።»

ትሩፋት መነጽሯን አስተካክላ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ጋሽ ወጋየሁን ከፊት፣ መስኮት አጠገብ አስቀመጠቻቸው፤ ራሷን ከጎናቸው። አስቴርን ከኋላቸው አደረገቻት። ለሚሳኤል ከሽንት ቤቱ ጋ የሚዋሰነውን የመጨረሻ ረድፍ ለቤቴል በጣቷ አሳየቻት።

«እዚህ? ሌላ ባዶ ቦታ ሞልቷል እኮ።»

«እዚያ ይመቸዋል።»

ያደረገችው ተራ ነገር መሆኑን አላጣችውም። የድሮው ጣዕም አፏ ውስጥ ተመልሶ መጣ፤ ያው ነው፣ አልተለወጠም። ቢሆንም አላስቀየረችውም።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ጋሽ ወጋየሁን ደግፋ ኤርፖርት ደረሰች። ሚሳኤል የለም። እሷ አልጠበቀችም። ወረቀቱንና መታወቂያቸውን አሳየች፤ ጥበቃው አይቶ አሳለፋቸው። ሽማግሌውን አረፍ አድርጋ ውኃ ገዛችላቸው። ሚሳኤልና አስቴር ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል መጡ። እሱ ሱፍ ለብሷል፤ ላብ በላብ ሆኗል። በሩ ላይ ፈልጓቸው እንደነበር ያስታውቃል።

«ማን አስገባችሁ?»

«በሩ ክፍት ነው» አለች ትሩፋት፤ ቦርሳዋን ከፍታም ሁለት ወረቀት ዘረጋችለት። «ያንተና የአስቴር።»

ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ አየው። «ይኼን ከየት አመጣሽ?»

«ሲና ኮዱን ላከችልኝ።»

ሚሳኤል ቀና ብሎ አያት። ገብቶታል። ትሩፋት የምትለውን አዘጋጅታ ነው ያደረችው፤ በሰው ወርቅ አይደምቁም ብላ ልትጀምር፣ ከዚያ ጋሽ ወጋየሁ እየሰሙ ሁሉንም ልትዘረግፈው። ሰውየው ግን ዓይኑን በጨው ያጠበ ነው። ወደ ሽማግሌው ዞረና ወረቀቶቹን ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

«አላልኩዎትም ጋሼ? ይኸው ሁሉንም አስጨርሻለሁ።»

«ተባረክ ልጄ» አሉ ጋሽ ወጋየሁ። «ዘርህ ይባረክ።»

ትሩፋት አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት አስቴርን አየቻት። አስቴር የጫማዋን ጫፍ ታያለች፤ አንገቷ ድረስ ቀልታለች። ታውቅ ነበር ማለት ነው። ከመጀመሪያው፣ ከዚያ እሑድ ጀምሮ፣ ሻይ እየቀዳች ታውቅ ነበር። ትሩፋት የተከፈተ አፏን መልሳ ዘጋችው። ለእሱ አዝና አይደለም። እሱን ስታዋርደው አብራ የምትዋረደው ማን እንደሆነች አይታ ነው።

በረራው አጭር ነው። ሚሳኤል ከኋላ ሁለት ጊዜ እየተነሣ ፊት ድረስ መጣ፤ ሽማግሌውን «ተመቸዎት ጋሼ?» ሊል ነው። ሁለቴም አስተናጋጇ ወደ ቦታው መለሰችው።

ሠርጉ ላይ መድረክ መሪው ማይኩን ይዞ፣ «የሙሽራዋን ወገኖች ከአዲስ አበባ ድረስ በአውሮፕላን ላመጡልን ለአቶ ሚሳኤል ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» አለ። ይህን ማን እንዳጻፈለት የሚጠይቅ የለም። ሚሳኤል ግማሽ ተነሥቶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ሲና ከሙሽሮቹ ወንበር ላይ ሆና መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ ትሩፋትን አየች። በስልክ የተባለችው «ነግሮናል» ምን እንደነበረች ያን ጊዜ ገባት። ሁለት እጇን አነሣችና አጨበጨበች። ሙሽራ ካጨበጨበች ማን ይቀራል? ትሩፋትም ሁለት ጊዜ እጇን አጋጨች፤ በዚያ አዳራሽ ከነበሩት ሁሉ በዚያች ደቂቃ ይበልጥ የናቀችው ራሷን ነው።

ከዚያ ወዲህ ፉሪ አልሄደችም። አስቴር በየአሥራ አምስት ቀኑ ሀና ማርያም እየመጣች ታያታለች፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ኑሮ ያወራሉ፤ የሚሳኤል ስም አይነሣም። እሱ በየለቅሶውና በየማኅበሩ ታሪኩን መናገር አላቆመም። አሁን አሁን አርባ ምንጭ ያደሩበትን ሆቴልም የያዘላቸው እሱ ነው ይባላል። ጋሽ ወጋየሁ ቤቷ በመጡ ቁጥር ያንን ጉዞ ሳያነሡ አይሄዱም።

«ያ የእህትሽ ባል ግን ደግ ሰው ነው» ይሏታል።

ትሩፋት ወተታቸውን አሙቃ ትሰጣቸዋለች። «ይጠጡ ጋሼ፣ ሳይበርድብዎት» ትላለች።