ቀይዋ፣ ነጯና የአባቴ ጥምጥም

መኪና ልገዛ ነው ባልሁ ማግስት የሰፈሩ ሰው በሙሉ መኪና ዐዋቂ ሆነ። በዕድሜው ከብስክሌት በላይ ነድቶ የማያውቀው ጎረቤታችን ሳይቀር በር ላይ አስቁሞ «ሞተሩን በጠዋት፣ ገና ሳይሞቅ አስነስተህ ስማው፤ የመኪናም የሰውም ጠባይ የሚታወቀው ከእንቅልፉ ሲነሣ ነው» አለኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ነዳጅ ሊጠፋ ይችላል፤ መካሪ ግን ጠፍቶ አያውቅም። እኔም አንገቴን እየነቀነቅሁ ሁሉንም አዳመጥሁ። ልቤ ግን አስቀድሞ ሸፍቷል።

የሸፈተው ወደ ቀይዋ ነው። ከተማው ውስጥ የሚሸጡ ሁለት መኪኖች ነበሩ፤ ሁለቱም አሮጌ፣ ሁለቱም ለሩጫ የተሠሩ፣ ሁለቱም በኋላ ጎማቸው የሚገፉ። ቀይዋ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ከመሬት ስንዝር የማትርቅ ነገር ናት። የኋላ መቀመጫ አላት ይባላል፤ እዚያ የሚቀመጥ ሰው ግን እግሩን ቤት ትቶ መምጣት አለበት። ነጯ ባለ አራት በር፣ ሰፊ፣ ጨዋ ናት፤ ከኮፈኗ ሥር ግን ከቀይዋ የማያንስ ጉልበት ደብቃለች።

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ስለ ሰበቃና ስለ ፍጥነት ሰሌዳ ላይ ስጽፍና ሳጠፋ ዘመኔ አለፈ፤ አንድ ቀን እንኳ ሰበቃ የሚሉትን ነገር ራሴ ድል ላደርገው ፈለግሁ። ድሪፍት ማለት ይኸው ነው፤ ኩርባ ላይ የኋላ ጎማን ሆን ብሎ አስከድቶ መኪናዋን በጎኗ ማንሸራተት። ለአባቴ ይህን ሳስረዳቸው ጥቂት አሰቡና «ቀጥ ብሎ መሄድ እያለ በጎን ምን አስኬደው? ሸርጣን ነው?» አሉኝ።

መኪናዋ የምትገዛው ደግሞ፣ ቢያንስ በአደባባይ በተነገረው መሠረት፣ ለእሳቸው ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ቅስናም አላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከቤታችን እስከ ሐይቁ ዳር ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ተመላልሰው ማኅሌት ቆመዋል። በዚህ ክረምት ግን ጉልበታቸው ከዳቸው። ባጃጅ አንድ ቀን ሞክረው ነበር፤ ሾፌሩ ልጅ ዘፈኑን እስከ ጥግ ከፍቶት ኖሮ ገና መታጠፊያው ላይ አስቁመው ወረዱ። «ከበሮው ሌላ፣ ዜማው ሌላ! እዚያ ውስጥ ቢጸልዩ ጸሎቱ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም» እያሉ፣ እያነከሱ ተመለሱ። ሁለተኛ ባጃጅ የሚባል ነገር እንዳይነሣባቸው ሆነ።

በቡሄ ዕለት ቤት ቀሩ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ በረንዳ ላይ ወንበር አስወጡና ማኅሌቱን ብቻቸውን ቆሙት፤ ቁጭ ብለው። የቀኙንም የግራውንም ድርሻ ራሳቸው እያፈራረቁ፣ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ እስከ መጨረሻው አደረሱት። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ አየኋቸው። የዜማ ቤቱን ትቼ አስኳላ የገባሁ ልጃቸው ነኝና ገብቼ አንዱን ወገን ልያዝልዎት ማለት አልቻልሁም። ከተውሁት ወዲህ እሳቸው ፊት አንዲት ሃሌታ እንኳ ከአፌ ወጥታ አታውቅም፤ እሳቸውም አንድ ቀን «ለምን?» ብለው አያውቁም። ጽጌ ሊገባ ሳምንታት ቀርተውታል። ሌሊቱን ሙሉ በሚቆመው በጽጌ ማኅሌት ላይ ካልተገኙ እኒህ ሽማግሌ እንደማይከርሙ እኔም አውቃለሁ፣ ባለቤቴም ታውቃለች።

ባለቤቴ የሐዋሳ ልጅ ናት፤ ነርስ ናት፤ ነገር በቁጥር ካልሆነ አያሳምናትም። ቀይዋን ያየቻት ዕለት አንድ ጊዜ ዞረቻትና «አባባን እዚህ ውስጥ ልትከታቸው? ልትጭናቸው ነው ወይስ ልትቀብራቸው?» አለችኝ። የጎማ ቤት ያለው ጓደኛዬ ደግሞ ጆሮዬ ሥር «ነጯን ከገዛህ አላውቅህም» ይለኛል። እኔ በሁለቱ መካከል እንደ ምስክር ቆሜ ዓይኔን አቁለጨልጫለሁ።

ሁለቱንም ከባለቤቶቻቸው በተራ እየተዋስን ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው ጠፍ የጠጠር ሜዳ ላይ ሞከርናቸው። ነጯ ስትንሸራተት እንኳ ይቅርታ እየጠየቀች ነው፤ ጨዋ ቤት ያደገች ናት። ቀይዋ ግን መሪውን ጠምዘዝ አድርጌ ነዳጁን ስረግጠው እንደ ጠገበ ጥጃ ጅራቷን ወርውራ ዞረች። ጠጠሩ ተበትኖ ሲያበቃ እኔም ጓደኛዬም፣ ሁለት የቤተሰብ አስተዳዳሪዎች፣ ሆዳችንን ይዘን እየሳቅን ነበር።

ለዘወትር ግን ሌላ ነገር ነው። የሰፈራችን ኮብልስቶን የቀይዋን ሆድ ይገዘግዘዋል፤ የመንገድ ጉብታ በመጣ ቁጥር ወርጄ እንደ ከብት ሐኪም ከሥሯ ማጎንበስ ነበረብኝ። ነጯ ሁሉንም ሳትሰማው ታልፋለች። ነዳጅ ወረፋ ላይ ብቻ ሁለቱም እኩል ይሮጣሉ።

ነገሩን የቆረጠችው ባለቤቴ ናት። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አባባን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ከነጥምጥማቸው፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ስትለካቸው ደረስሁ። እሳቸውም ሲለኩ ቆይተው «ምነው ልጄ፣ ለሣጥን ነው እንዴ?» አሏት። እሷም «ኧረ አባባ፣ ክፉ አይናገሩ!» ብላ ሄዳ የሁለቱን መኪኖች ጣሪያ ለካች። ነጯ ውስጥ ጥምጥሙ ገብቶ ጣት ይተርፈዋል። ቀይዋ ውስጥ ግን ወይ ጥምጥሙ፣ ወይ አባባ።

ምን ይባላል? ተሸነፍሁ። «እሺ፣ ነጯ ትሁን» አልሁ። ባለቤቴ ለአባባ ጥርት አድርጋ «ነጯን ልንገዛ ነው፣ ቅዳሜ ትመጣለች» ስትል ሰማሁ፤ እሳቸውም «ነጯን፣ እሺ» ሲሉ ሰማሁ።

ዓርብ ጠዋት ቀይዋን ለመጨረሻ ጊዜ ተዋስኋት። ልሰናበታት ነው እንጂ ሌላ አሳብ አልነበረኝም። በሐይቁ ዳር መንገድ ዘንባባው ሥር ቀስ ብዬ አንድ ጊዜ ሄድሁ፣ አንድ ጊዜ ተመለስሁ፤ መስኮቱን ከፍቼ እንደ ሞኝ እያንጎራጎርሁ። ከዚያ ደመናው ከበደ፤ ለባለቤቷ ከማድረሴ በፊት ጃኬቴን ላንሣ ብዬ ቤት በር ላይ አቆምኋት።

ጃኬቴን ይዤ ስወጣ አባቴ ካባቸውን ደርበው፣ መስቀላቸውን በአንድ እጅ፣ የጠበሉን ማሰሮ በሌላው ይዘው ቀይዋ ፊት ቆመዋል። ጸሎቱን ጀምረውታል።

በእኛ ዘንድ መኪና ሳይባረክ ሰው አይጫንበትም። ከተባረከ ደግሞ የቤቱ ነው፤ ክርስትና የተነሣን ልጅ ለጎረቤት እንደማይሰጡት ሁሉ ጠበል የነካውን መኪና ለሻጭ መልሶ «ሐሳቤን ቀየርሁ» ማለት የለም። ባለቤቴ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። «አባባ! እሷ አይደለችም! ነጯ ናት! ነጯ!» አባቴ ጸሎት ላይ ናቸው፤ አንድ ጣት ብቻ አነሡላት። ጸሎቱም እንዳይመስላችሁ አጭር፤ ፊት ለፊቷን፣ ቀኟን፣ ግራዋን፣ ጎማዎቿን፣ ኮፈኗን አስከፍተው ሞተሯን ሳይቀር ረጩ። ጎረቤት ተሰበሰበ። እልልታው ቀለጠ። ያ ብስክሌት ነጂ ጎረቤታችን እጄን ጨብጦ «እንኳን ደስ ያለህ! ጠባይ ያላት መኪና ናት» አለኝ። ባለቤቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማ ቀረች፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ለቀይዋ ሻጭ ደውዬ ነገርሁት። «ጠበል የጠጣችውን መኪና ተቀብዬ ከማን ልጣላ?» ብሎ ሳቀብኝ።

እኔ እንግዲህ ምን ልሁን? ከላይ አዝኛለሁ፤ ከውስጥ እየዘለልሁ ነው። ባለቤቴ «ፊትህን እየው፣ ሐዘንተኛ ነኝ ይላል እንዴ?» አለችኝና ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። አባባን ግን ማንም አልወቀሳቸውም። ሰው ሁሉ «ዓይናቸው ደክሟል፣ ምን ያድርጉ» አለ። እኔም እንዲሁ ብዬ ተውሁት።

ጽጌ ገባ። የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ፀሐይ ገና ሐይቁ ላይ ሳትጠልቅ፣ አባቴን ቀይዋ ውስጥ ማስገባት ጀመርን። መጀመሪያ ለመኪናዋ ጀርባቸውን ሰጥተው ከፊት ወንበር ተቀመጡ፤ ቀጥሎ እግራቸውን አንድ በአንድ አስገባንላቸው። ጥምጥማቸውን ራሳቸው አወለቁና እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። መቋሚያው አልገባም፤ በመስኮት እንደ መቅዘፊያ ወጥቶ ቀረ። ባለቤቴ በሩን ስትዘጋ ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ ሳቅ ይሁን እንባ አልለየሁም።

ስለ ዘገየን በጭቃው አቋራጭ ገባሁ። ኩርባው ላይ የቀይዋ ጅራት ከዳ። በስመ አብ! ነፍሴ ከሥጋዬ ተለየች። መሪውን ወዲህ፣ ወዲያ አልሁ፤ ጅራቷም በዝግታ ወዲህ ዘመም፣ ወዲያ ዘመም ብላ ቀጥ አለች። ያን ያህል የተመኘሁት ድሪፍት የመጣው መሪጌታ አባቴን ከጎኔ አስቀምጬ ነው። ዞር ብዬ አየኋቸው። ጥምጥማቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ፊታቸው ላይ ፍርሃት የለም።

«ይህችን ዝማሜ ማን አስተማራት?» አሉኝ።

ዝማሜ ሊቃውንቱ መቋሚያ ይዘው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየተወዛወዙ የሚያዜሙት ነው። ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ከድንጋጤው ጋር ተደባልቆ ሳል ሆነ። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ነጯ ብትሆን እኮ ይህ አይደርስም ነበር። ያን ዕለት ዓይንዎ ደክሞ ተሳሳቱ እንጂ…»

«ዓይኔማ ደክሟል» አሉ። «ቀይና ነጭ ግን እለያለሁ።»

ፍሬን ያዝሁ።

«ነጯን ይዘህ ስትመጣ በረንዳው ላይ ሆኜ የምሰማው ሞተሩን ነው። ቀይዋን ይዘህ ስትመጣ አንተን እሰማሃለሁ። ታዜማለህ። ያውም የጽጌን። ከተውኸው ስንት ዘመኑ ነው? እኔ ደግሞ ጨርሶ የጠፋብህ መስሎኝ ነበር።» ጥምጥማቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉና ጨመሩ። «አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ትስታለህ። እሷን አሳይሃለሁ።»

እንባዬ መጣ፤ የመጣውንም አልከለከልሁትም። በየሜዳው ጎማ ሳስጮህ እኔ ራሴ ያልሰማሁትን እሳቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁት ኖሯል።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ከቀይዋ መውጣት መግባቱን ያስመኛል። አባቴ አንድ ጊዜ ሞከሩ፣ ሁለተኛ ሞከሩ፤ ጉልበቱ እምቢ አለ። ደብተራዎቹ ቆመው ያያሉ። ጎንበስ ብዬ ሁለት እጄን በብብታቸው ሥር አሳለፍሁና ደረቴ ላይ አቅፌ አነሣኋቸው። የአባቴን ጉልበት ስሜ አውቃለሁ፣ እሳቸውም ግንባሬን ስመው ያውቃሉ፤ ካደግሁ ወዲህ ግን ተቃቅፈን አናውቅም። ቀላል ናቸው። የቆመው ሰው ሁሉ እያየን ሳለ፣ እሳቸውም በእጃቸው ጀርባዬን ይዘው ቶሎ አልለቀቁኝም።

ከዚያ ጥምጥማቸውን አቀበልኋቸው፤ ጠመጠሙት፤ መቋሚያቸውን ከመስኮቱ ስቤ ሰጠኋቸው። ወደ ቅጽሩ ሁለት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ዞር አሉና፣ ደብተራዎቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ነገ ስንመለስም በጭቃው በኩል ይሁን» አሉኝ።