አሥር ደቂቃ

ታላቅ እህቴን ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ጠርጣሪት» ነው የሚሏት። አይፈረድባቸውም። ሃያ ዓመት ሙሉ እንጀራዋ ንጹሕ የሚመስለውን ሁሉ መጠርጠር ነው። የቀዶ ጥገና ክፍሉ ታጥቦ ሲያልቅ እርጥብ ጥጥ ይዛ ትገባና አልጋውን፣ የመብራቱን እጀታ፣ የበሩን መያዣ ታሻለች። ጥጡን ጀርም በሚያበቅል ሳህን ላይ አዳርሳ ሁለት ቀን ትጠብቃለች። ነጠብጣብ ከታየ ክፍሉ አልጸዳም ማለት ነው። እኔ ቤት ስትመጣ እንኳ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስታ ካላየች ውሃ አትጠጣም!

ያን ሰሞን አዲስ የጀርም ማጥፊያ ኬሚካል መጣ። ላቦራቶሪ ውስጥ ስትሞክረው የጀርሙን ድራሽ አጠፋው። የቀዶ ጥገናው አልጋ ላይ ግን ሦስቴ ተሞክሮ ሦስቴም ጀርሙ በቀለ። ክፍሉ ተዘጋ፤ እህቴ «ጸድቷል» ብላ ካልፈረመች አይከፈትም። እኔ ደግሞ ልጄ ሆዴ ውስጥ ተጋድማብኝ፣ ዓርብ በቀዶ ጥገና ልገላገል ቀጠሮ ተይዞልኝ እዚያው ሆስፒታል ተኝቻለሁ። እስከዚያ ካልተከፈተ የአራት ሰዓት መንገድ ተጉዤ ሌላ ሆስፒታል መግባቴ ነው። መንገድ ላይ ምጥ ቢይዘኝስ? ፈራሁ።

«ዝም ብለሽ ፈርሚና ይከፈት» አልኳት። «እህትሽ አይደለሁም እንዴ?»

«እህቴ ባትሆኚም አልፈርምም፤ ሆነሽማ ጭራሽ!»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩባት።

ማክሰኞ ዕለት ከአጣቢዋ ጋር አብራ ገባች። እማማ መስታወት ይሏቸዋል፤ እሳቸው ያጠቡት ላይ ፊት ይታያልና። እማማ አልጋውን በኬሚካሉ አሹት፤ ወዲያው ከወገባቸው ደረቅ ጨርቅ መዘው እስኪያብለጨልጭ ወለወሉት።

«እማማ፣ ምነው አደረቁት?»

«ታዲያ እንደረጠበ ልተወው? አንዴ አንድ ሐኪም ‹ይሄም ታጠበ ይባላል?› ብሎ በሰው ፊት አዋርዶኛል። ከዚያ ወዲህ ጠብታ ትቼ አላውቅም።»

እህቴ ራሷን ያዘች። ላቦራቶሪ ውስጥ እሷ ኬሚካሉን አሥር ደቂቃ በሰዓት ለክታ ነበር የምታቆየው። እዚህ አንድ ደቂቃም አልቆየም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለቻቸው። «ሃያ ዓመት የምገባው እርስዎ ከወጡ በኋላ ነው። ሲያጥቡ አንድ ቀን እንኳ አላየሁም።»

እንደገና አሹት፤ ከዚያ ሁለቱም ቆመው ጠበቁ። የእማማ እጅ ወደ ጨርቁ እየሄደ አስቸገረ።

«ልጄ፣ ይሄ አሥር ደቂቃ ነው አሥር ዓመት?»

ሐሙስ ሳህኑን አልጋዬ ድረስ አመጣችልኝ። ተቀብዬ እንደ እሷ ወደ ብርሃን አነሳሁት። ምንም የለበትም። እዚያው ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፈረመች።

ዓርብ ጠዋት በተሽከርካሪ አልጋ እየተገፋሁ በሩ ጋ ስደርስ እማማ መስታወት መንገዱን ዘግተው ቆመዋል፤ ሰዓታቸውን ያያሉ። የሚያዋልደኝ ሐኪም የታጠበ እጁን ወደ ላይ እንዳነሳ ከኋላዬ መጣ።

«ዶክተር፣ ገና እርጥብ ነው» አሉት፣ አንገታቸውን ሳይደፉ። «ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል።»

ሐኪሙ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ቆመ። እህቴ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። ልጄ በሆዴ ውስጥ ስትራገጥ ሁላችንም ሁለቷን ደቂቃ ጠበቅናት።