ሙሽራው ያልሰበረው መስመር

ናይሮቢ ውስጥ ሥራ በጀመርኩበት ቀን አሥራ ሁለት ዘበኞች ተሰልፈው ጠበቁኝ። ቦታው ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር ያለ የአንድ ጥበቃ ድርጅት ግቢ ነው። ባለቤቷ ማዳም ንጄሪ ከፖሊስነት በጡረታ የወጣች ቀጭን ሴት ናት። ፊሽካ ሰጠችኝና «ቆመው እንዳይተኙ አድርግልኝ፤ ሌላ አልጠይቅህም» አለችኝ። እኔ ደግሞ በአገሬ ጦር ውስጥ ሃምሳ አለቃ ሆኜ ለዓመታት ታክቲክ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እንቅልፍ ማባረር ብቻማ እንዴት ይበቃኛል!

ግቢው ጥግ ለግንባታ የመጣ አሸዋ ተከምሮ ነበር። እሱን ዘርግቼ የአሸዋ ገበታ ሠራሁ። አጥሩ የጡብ ስባሪ፣ በሩ የክብሪት ቀፎ፣ ሰዉ የሶዳ ቆርኪ ሆነ። ማዳም በመስኮት አይታ ራሷን ነቀነቀች፤ ግን አልከለከለችኝም።

ከመከላከል ጀመርኩ። መጀመሪያ ገዢ መሬት ይመረጣል፤ ከዚያ ላይ ሆነህ ሌላውን ሁሉ የምታይበት ቦታ ማለት ነው። ከፊት ቃፊር ይወጣል፤ ሥራው አይቶ መናገር እንጂ መዋጋት አይደለም። ቀጥሎ ዋናው የመከላከያ መስመር አለ። ከሁሉም ኋላ ተጠባባቂ ይቀመጣል፤ መስመሩ ሲሳሳ ደርሶ የሚሞላው እሱ ነው። ተጠባባቂን ሥራ የፈታ ሰው አድርጎ የሚያይ አዛዥ ብዙ አይቻለሁ፤ መጨረሻቸውንም አይቻለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ማጥቃትን ጨመርኩ። እንዴት እንደሚጠቃ የማያውቅ ሰው ምኑን ይከላከላል? አጥቂ ግማሹን ኃይል ከፊት አድርጎ ጠላቱን ይይዛል፣ ሌላውን በጎን ያዞራል። «ከፊት ጩኸት ስትሰሙ ጎናችሁን ተመልከቱ» አልኳቸው። መሣሪያችን ዱላና ፊሽካ ብቻ ቢሆንም ትምህርቱን ወደዱት።

ከሁሉም የሚበልጠው ሙቱዋ የሚባል፣ ማቻኮስ ከምትባል ከተማ የመጣ ሰው ነበር። የተናገርኩትን አንድ ቃል ሳይጥል በደብተሩ ይጽፋል፤ ማታ አጥንቶት ይመጣል። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ ጥያቄ ያበዛል። እኔ ደግሞ በባሕርዬ ጥያቄ ሲበዛ ትዕግሥቴ ያልቃል። ጉድለቱ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

አንድ ቅዳሜ የወይዘሮ የሺን ልጅ ሠርግ እንድንጠብቅ ተላክን። ወይዘሮ የሺ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት ያላት ሴት ስትሆን፣ ለሠርጉ ሩንዳ በሚባል ሰፈር ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ተከራይታለች። ስደርስ እጄን ይዛ «ሃምሳ አለቃ፣ ያልተጠራ ሰው እንዳይገባብኝ፤ አደራ!» አለችኝ።

ስምንት ሰው ይዤ ነበር። አራቱን ለዋናው በር፣ አንዱን መንገዱ መታጠፊያ ላይ ቃፊር፣ ሦስቱን በጓሮው በር በኩል ተጠባባቂ አደረግሁ። የበሩን አዛዥነት ለሙቱዋ ሰጠሁት። እሱም እንደ ልማዱ እጁን አወጣ።

«ሰር፣ የሙሽራው ሰዎች ሲመጡ ምን እናደርጋለን?»

«እኔ ሳላዝ ማንም አይገባም። ጨርሰናል» አልኩት።

መቼም በእኛ ዘንድ ሠርገኛ ዝም ብሎ አይገባም። የሙሽሪት ወገን ሴቶች በር ላይ ተያይዘው እየዘፈኑ አናስገባም ይላሉ። ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ይገፋሉ፣ ሽቶ ይረጫሉ፣ ትንሽ ከተገፋፉ በኋላ ይገባሉ። ይህን ለኢትዮጵያዊ ማን ይነግረዋል? ለሙቱዋም ሳልነግረው ቀረሁ። ጨዋታው ሲደምቅ ሄጄ በሩን አስከፍታለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ሠርገኛው ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ክላክሱን እያስጮኸ ደረሰ። እኔ ወይዘሮ የሺ በግድ ድንኳን ውስጥ አስቀምጣኝ ጥብስ እየበላሁ ነበር። ከበሩ በኩል ጩኸት ሲሰማ «እሰይ፣ ደርቶላቸዋል» አልኩ። ጩኸቱ ሲብስ ጭራሽ ደስ አለኝ። ስደት ላይ ባህሉን እንዲህ አድምቆ የሚይዝ ወጣት ማየት ያኮራል እያልኩ ሁለተኛ ሳህን ተቀበልኩ። ከሙቱዋ ጋር የምገናኝበት ሬዲዮ እንዳይረብሸኝ ድምፁን ቀንሼው ነበር።

ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ሙሽሪት ሜላት ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ፣ ፕሊስ ይምጡ! ዘበኞቹ ሲሪየስ ናቸው እኮ! ቄሱ ቸርች ቆመው እየጠበቁን ነው!»

ሬዲዮውን ከፍ ሳደርገው የሙቱዋ ድምፅ ረጋ ብሎ መጣ። «ሰር፣ ሳሳውቅዎት ይህ አራተኛዬ ነው። ፈሳሽ ነገር ረጭተውብናል። ሽታው ጥሩ ነው። መስመሩ አልተሰበረም።»

ጥብሱን ጥዬ ሮጥኩ። ሙቱዋ የቤቱ ሴቶች አናስገባም ብለው ሲጮኹ፣ እንግዶቹ ደግሞ ሲገፉ አይቷል። ስለዚህ ሴቶቹን ከአደጋ አውጥቶ ወደ ኋላ አሸሽቷቸዋል፣ የብረቱን በር ቆልፏል፣ አራት ሰው አሰልፏል። ሚዜዎቹ መጀመሪያ አዲስ ዓይነት ጨዋታ መስሏቸው ተደስተው ነበር። ሰዓቱ ሲሄድ ግን ሙሽራው ራሱ አንድ ሚዜ አስከትሎ በጓሮው በር ዞረ። እዚያ ሦስት ተጠባባቂዎች ቆመው ይጠብቁት ነበር። ዋናው በር ስደርስ ሙሽራው ተይዞ መጥቶ የሶዳ ሣጥን ላይ ተቀምጧል፣ ደረቱ ላይ ያለው አበባ ተጨፍልቋል፣ ግራና ቀኙን ሁለት ዘበኛ ቆሞበታል። እድሜ ልኬን ሳስተምር እንዲህ ያለ ንጹሕ ምርኮ አላየሁም።

ሙቱዋ ሰላምታ ሰጠኝ። «ሰር፣ ከፊት ጮኹ። እኔ ጎኔን ተመለከትኩ።»

መጀመሪያ ኮራሁ። ወዲያው አፈርኩ። በሩ ተከፈተ፣ ሜላት ባሏን አይታ ሳቋ አላቆም አለ፣ ቄሱም ዘግይቶም ቢሆን አጋቧቸው።

የሙሽራው አጎት ግን አልሳቀም። ለማዳም ደወለ። ሰኞ ጠዋት ቢሮዋ ስገባ የሙቱዋ የስንብት ደብዳቤ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እሱ ኮፍያውን ይዞ ውጭ ቆሟል።

«ሙሽራ የሚይዝ ዘበኛ አያስፈልገኝም» አለች።

እውነቱን ልናገር፤ ዝም ልል ነበር። የሥራ ፈቃዴ የሚታደሰው በእሷ ፊርማ ነው። እሱ ካልታደሰ ዕቃዬን መሸከፍ ነው። ግን ያ ሰው የእኔን ትምህርት ቃል በቃል ፈጽሞ እንጀራውን ሊያጣ ነው።

«ትእዛዙ የእኔ ነው» አልኳት። «የሙሽራው ሰዎች ሲመጡ ምን እናድርግ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አልመለስኩለትም።»

«ለምን አልመለስክም?»

«ሁሉም የሚያውቀው መስሎኝ።»

ደብዳቤውን ቀዳድዳ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። «ከዛሬ ጀምሮ ሩንዳ ያለው የሌላ ደንበኛችን ቤት የበር አለቃ ሙቱዋ ነው» አለች። «አንተ ለአንድ ወር በእሱ ሥር ትቆማለህ።»

በማግስቱ ጠዋት ዱላ ይዤ ሙቱዋ ፊት ተሰለፍኩ። ደብተሩን ገልጦ ገለጻ ጀመረ። ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚኖር፣ የትኛው መኪና የማን እንደሆነ፣ አትክልተኛው ለምን በጓሮ እንደሚገባ፣ ውሻው ማንን እንደማይወድ ሁሉ ነገረኝ። ወደ ሩብ ሰዓት ወሰደበት።

«ጥያቄ አለ?» አለ።

«የለም።»

«ሳጅን፣ በእርግጥ የለም?» ብሎ ደብተሩን ሳይከድን ጠበቀኝ።

ነበረኝ። «ባለቤቱ ራሱ መታወቂያ ረስቶ ቢመጣስ?» አልኩት። ጥሩ ጥያቄ ነው ብሎ አመስግኖ መለሰልኝ፤ ጥያቄዬንም ደብተሩ ላይ ጻፈው።

ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ማን ወዳጅ እንደሆነና ሥራው ለምን እንደሚሠራ አብሮ ይናገር። ለጠየቀውም ሰው ይመልስ።