ሽማግሌ ያስገፋ ሞተር

እሁድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሌሎች እጮኛሞች ባሕር ዳር ሲንሸራሸሩ፣ እኔ ሻርጃ ውስጥ ቶርኖ ቤት ደጃፍ ቆሜ ብረት እስኪላጭ እጠብቅ ነበር። ብረቱ ቮላኖ ይባላል፤ ሞተር ውስጥ የሚሽከረከር፣ የትንሽ ድስት ክዳን የሚያክል ክብ ነገር ነው። እጮኛዬ ምግብ አድራሽ ነው፤ አል ቁዝ ውስጥ ቤድ ስፔስ፣ ማለት አንድ አልጋ ብቻ ተከራይቶ ይኖራል። የዚያ ብረት ክብደት እንቅልፍ ይነሳው ነበር። የእኔ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ እንቅልፍ ነስቶት አያውቅም።

ለሥራው የኩባንያውን ሞተር ይነዳል። ለራሱ ደግሞ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዝቶ ነበር፤ ፍቅሩ ሁሉ ያለቀው እሱ ላይ ነው። ቮላኖው ሲቀል ሞተሩ ቶሎ ይቆጣል፣ ይፈጥናል አለኝ። ይቆጣና ምን ይሁን? ሻርጃ መንገድ ላይ እንደሆነ መኪናው ሁሉ ተኮልኩሎ ነው የሚውለው። ቮላኖው አልበቃው ብሎ ከጀርባው ያለውን ፍሪሲዮንም አስላጨ፤ ማስነሻው ሞተሪኖ ሞተሩን ይዞ የሚያስነሳው በእሱ ነው።

ቶርኖ ሠራተኛው፣ «ይህን ያህል ከሳሳ ቀስ ስትል ይጠፋብሃል» ብሎት ነበር።

«ቀስ የሚል ማን ነው?» ብሎ ሳቀ። ወደ እኔም ዞሮ እንድስቅለት አየኝ። ሳቅሁለት፤ ምን ላድርግ፣ ላገባው ነበር።

እኔ የቸኮልኩበት ምክንያት ነበረኝ። ሚርዲፍ ውስጥ ልጆቿን የማሳድግላት ማዳም ውሌ ሊያልቅ ሲል፣ «ሁለት ዓመት ትጨምሪያለሽ ወይስ በቃሽ?» አለችኝ። ካገባሁ እወጣለሁ። ካላገባሁ ሁለት ዓመት የሰው ልጅ ሳባብል እኖራለሁ። «እሁድ ይለፍና እነግርሻለሁ» አልኳት፤ እሁድ ሽማግሌ ሊልክ ቃል ገብቶልኝ ነበርና።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡት አል መጃዝ፣ ታላቅ ወንድሜ ቤት ነው። ሁለቱ በታክሲ ደረሱ። ሦስተኛው፣ ቃሉን የሚናገሩት የጉባኤያችን አባት፣ የሉም። ለካ እጮኛዬ «ጋሼ፣ እርስዎንማ በራሴ ነው የማደርስዎ» ብሎ ሞተሩ ላይ አፈናጧቸዋል። በሙሉ ልብስና በከረቫት፣ ከዚያ ላይ ሄልሜት!

ጠበቅን። ምሳው ቀዘቀዘ። የወንድሜ ሚስት ሁለት ጊዜ አሞቀችው።

በሩ ሲንኳኳ ጋሼ ነበሩ። ሸሚዛቸው ከገላቸው ተጣብቋል፣ ከረቫታቸው ኪሳቸው ገብቷል። ወግ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር፣ ተስፋ ሳይሰማ አይቀመጥም። ሁለቱ ከጎናቸው ሊቆሙ ሲጠጉ፣ ጋሼ ቀጥ ብለው ወደ ሶፋው ሄደው ዘጭ አሉ።

«ውሃ» አሉ። የጋብቻው ጥያቄ በዚህ ተጀመረ።

ወንድሜ ሳቁን ውጦ፣ «ምነው ጋሼ፣ ምን አገኘዎት?» አላቸው።

«መብራት ላይ ስንቆም ይጠፋል። ሞተሪኖው ይጮኻል እንጂ አያስነሳም። እኔ እገፋለሁ፣ እሱ ላዩ ላይ ተቀምጦ ማርሽ ያስገባል። ይነሳል። ቀጣዩ መብራት ላይ ደግሞ ይጠፋል።»

«ታክሲ አትይዙም ነበር?»

«‹አሁን ይስተካከላል ጋሼ› ይለኛል። ልጁን ላሳፍረው አልፈለግሁም። አሁንም ታች ሞተሩን ይዞ ቀርቷል።»

እሱን ላለማሳፈር እኚህ ሰው በዚያ ሙቀት ሞተር ገፍተዋል። እሱ ግን ከላዩ መውረድ እንኳ አልታየውም።

ጋሼ ውሃቸውን ጨርሰው ወግ ወጉን ሊናገሩ ሞከሩ። «ልጃችን ጨዋ ነው፣ ሰው አክባሪ…» ብለው ጀመሩና ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። ሽማግሌ ለማስታረቅም ለማጋባትም ትንሽ ይጨምራል፣ ያ ነውር አይደለም። ያን ቀን ግን የሚጨምሩበት አቅም አልነበራቸውም።

ወንድሜ ወደ ማድቤት ጠርቶኝ፣ «ምን ልበላቸው?» አለኝ።

«ወርጄ ልምጣ» አልኩ። አንድ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ውሃ ይዤ ወረድኩ። ደግሞም፣ ምን ይደበቃል፣ ልቤ ገና አልቆረጠም ነበር። «ምን አሉ?» ብቻ ቢለኝ፣ ለሁሉም ነገር ምክንያት እፈልግለት ነበር።

እጮኛዬ ፓርኪንጉ ውስጥ ሞተሩ ሥር ቁጢጥ ብሏል። የጫማዬን ድምፅ ሰምቶ ቀና ሳይል፣ «መጣሽ? ያላ፣ እዚያ ጋ ያለውን ቁልፍ ተጫኝልኝ» አለኝ።

ተጫንኩለት። ሞተሪኖው እየጮኸ በባዶ ዞረ።

«አየሽ፣ ይዞራል እኮ! ሙሽኪላ የለም፣ ችግሩ ፍሪሲዮኑ ብቻ ነው። ሌላ ገዝቼ አስላጨዋለሁ።»

አሁንም ሊያስላጭ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እንደገና ተጫኚ አለኝ፣ ተጫንኩ። ቀና ይል እንደሆነ ብዬ ጠበቅሁ። አንገቱን ይበልጥ ወደ ብረቱ ቀበረ። ውሃውን ከፍቼ እዚያው ፊቱ ቆሜ ራሴ ጠጣሁት፤ እሱንም አላየም።

ሊፍት እየጠበቅሁ ማዳም ጋ ደወልኩ።

«ማዳም፣ ሁለቱን ዓመት እጨምራለሁ።»

«ኸላስ? ቆረጥሽ?»

«ኸላስ።»

ላይ ስወጣ ጋሼ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሻሉ። ፊቴን አይተው፣ «ምን አለሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ምንም አልጠየቀኝም» አልኳቸው።