አጎቴ ያዳናት ባዝራ

አጎቴን፣ የእናቴን ታላቅ ወንድም፣ ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው። እዚህ ግን እሱ ልበለው፤ ይበዛበታል እንጂ አያንሰውም።

እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ ባሕር ዳርቻ ካለ ሆቴል ወጥ ቤት ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ሁለት ነው። ጠዋት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በገደሉ አናት ባለው መንገድ ይንጎራደዳል፤ ከሰዓት በኋላ እናቴ ሳሎን ተቀምጦ በሰው ሁሉ ላይ ይፈርዳል። ሐኪሞች አያውቁም፣ የአውቶቡስ ሾፌሮች አያውቁም፣ ወጥ ቤቱን የተረከቡት ልጆችማ ሽንኩርት እንኳ መላጥ አያውቁም። ፈረስ ከተነሣ ደግሞ አለቀልን! ጎንደር እያለ እንደሱ ያለ ፈረሰኛ አልነበረም አሉ። ማን አለ? እሱ ራሱ። የጎንደር እኩዮቹ ሞተዋል፣ ፈረሶቹም ሞተዋል፤ ምስክር ከየት ይምጣ?

እኔ እዚያው አቅራቢያ ኤቨን የሁዳ በምትባል መንደር በአንድ ኦርቫ፣ በፈረሶች ጋጣ ማለቴ ነው፣ እሠራለሁ። አካላቸው ያልጸናላቸውን ልጆች ፈረስ ላይ እያስቀመጥኩ ወገባቸው እንዲጠነክር አለማምዳቸዋለሁ። ለዚህ ሥራ አንዲት ዳማ ባዝራ አለችኝ፤ የራሴ ናት። ልጅ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ሲያለቅስ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ዝም እስኪል አትነቃነቅም። ታዲያ አምና ከፔሳህ፣ ከፋሲካችን፣ በፊት የፊት ግራ እግሯ ጅማት ተቀደደ። ቬተሪናሯ፣ የእንስሳት ሐኪሟ፣ በአልትራሳውንድ አይታ፣ “ይድናል፣ ግን በጣም ቀስ ብለሽ ካስሄድሻት ነው። ዳግመኛ ከተቀደደ በቃ፣ ልጅ አትሸከምም” አለችኝ።

መጀመሪያ ከጋጣዋ አልወጣችም። ከዚያ ልጓሟን ይዤ በለስላሳው አሸዋ ላይ ጎን ለጎን በእግር መሄድ ጀመርን። መጋለብ የለም፣ መሮጥ የለም፤ ስንመለስ እግሯን በበረዶ ማቀዝቀዝ ነው። በዚያ ሁሉ የበጋ ሙቀት እስከ ሱኮት፣ እስከ ዳስ በዓል ድረስ እንዲህ ሄድን። ከሀብታሞቹ ሰፈር ከኢር ያሚም በየሳምንቱ ለመጋለብ የምትመጣ አንዲት ሴትዮ አለች፤ ቡትሷ ላይ ጭቃ አይቼ አላውቅም። “አሁንም ታንሸራሽሪያታለሽ? ሌላ አትገዢም?” ትለኛለች። ፈረስ እንደ ሶፋ የሚቀየር ይመስላታል፣ ሞኝ!

አጎቴ ደግሞ ከእሷ ባሰ። “ልጓም ይዞ በእግሩ የሚሄድ አሽከር ነው፤ ጌታው ከላይ ይቀመጣል። የዚች ጌታ የታለ? ለባዶ ኮርቻ አሽከር ሆና ቀረች!” ብሎ ሳሎኑን በሳቅ አፈረሰው። መድኃኒትም አለው። ጅማቱን በጋለ ብረት መተኮስ፣ ቅቤ መቀባት፣ ከዚያ መጋለብ። “ፈረስ የሚድነው ሲጋለብ ነው” ይላል። እናቴ፣ ያቺ ገበያተኛውን ሁሉ በክርክር የምታሸንፍ ሴት፣ ወንድሟ ፊት ከ“አዎ ወንድሜ” ሌላ ቃል አይወጣትም።

ከሱኮት በኋላ ጀርባዋ ላይ መውጣት ተፈቀደልኝ፤ ለአጭር ጊዜ፣ በእርምጃ ብቻ። ሶምሶማው ሁለት ወር ቆይቶ፣ ከሐኑካ በዓል በኋላ ይታያል ተባልኩ። ያቺን ቀን እንዴት እንደናፈቅኳት! አውቶቡስ ላይ ሆኜ እንኳ ያ የሶምሶማ ምት ከሥሬ ይሰማኝ ነበር። በዚህ መሀል አጎቴ ፈረሷን ካላየሁ አለ፤ እናቴም ይዛው መጣች።

በባርኔጣና በኮት፣ ጭራ ይዞ መጣ። ዞራት፣ ጭኗን ቸብ ቸብ አደረጋት፣ “ከሲታ ናት” አለ። እኔ ከላይዋ ወርጄ አጥሩ ላይ አስሬያት ነበር፤ ኮርቻዋ አልወረደም። “አጎቴ፣ እባክዎ አይንኳት፣ በረዶ ይዤ መጣሁ” አልኩት።

“በረዶ? ፈረስ ናት ወይስ ዓሣ?” አለ።

በረዶውን ይዤ ስመለስ ሰውዬው ኮርቻው ላይ ነው! ያወጣው የኦርቫው ባለቤት ነው፤ የሀበሻ ሽማግሌ ባየ ቁጥር በአድናቆት የሚቀልጥ፣ ከእኛ ቋንቋ ግን “ሰላም” ማለት እንኳ ያልተማረ ሰው። ስልኩን ደግኖ በዕብራይስጥ “ኮል ሃካቮድ! ጎበዝ! ንጉሥ!” እያለ ይቀርጻል። እናቴ እልል ትላለች። አጎቴ ጭራውን ወደ ላይ አንሥቶ ባዝራዬን በግቢው ጠጠር ላይ ሶምሶማ ያስሮጣታል።

በረዶውን ጥዬ ሮጥኩ። “ይውረዱ! አሁኑኑ ይውረዱ!”

“ምን ሆንሽ? ትሄዳለች እኮ!”

ልጓሟን ያዝኩ፤ ሲወርድ ባርኔጣው ወደቀ። አላነሣሁለትም። እናቴ፣ “አፍሽን ያዢ፣ ታላቅሽ ነው!” አለችኝ። ባርኔጣውን እሷ አነሣች፣ አቧራውን አራገፈችለት፣ ወንድሟን ይዛው ሄደች።

የጅማት ነገር ዕለቱን አይታወቅም፤ ከተጎዳ በማግሥቱ ነው የሚያብጠው፣ የሚግለው። ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። ተንበርክኬ እጄን በእግሯ ላይ ከላይ እስከ ታች አወረድኩት። ቀዝቃዛ ነው። አስወጥቼ አስሄድኳት፣ አላነከሰችም። ቬተሪናሯም መጥታ አየችና “ምንም አልሆነችም፣ ዕድለኛ ነሽ” አለችኝ። የባዝራዬ ትከሻ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ደስታ ነበረ፣ ንዴትም ነበረ። የመጀመሪያውን ሶምሶማ ያ ጉረኛ ወሰደብኝ።

ቅዳሜ እናቴ ሳሎን የሰፈራችን ሽማግሌዎች ሞልተዋል። አጎቴ መሀል ተቀምጦ ይተርካል። “በተረከዜ ነካ ሳደርጋት አወቀችኝ! ሰው ናፍቋት ነበር። ልጅቷ ፈርታ ይዛት እንጂ ዱሮ ድና ነበር። እኔ ባልደርስላት እንደታሰረች ታረጅ ነበር” አለ። ሁሉም ሳቁ። ቻልኩ፣ ቻልኩና ተነሣሁ።

“ውሸት ነው፣ አጎቴ። ያን ሁሉ ወር በእግሬ ሄጄ ያዳንኳትን በአንድ ዙር ሊያጠፉብኝ ነበር። ፈረስ ቢያውቁ ኖሮ በጠጠር ላይ አያስሮጧትም ነበር።”

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ሽማግሌ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው፣ እጃቸውን አነሡ።

“ቆይ ልጄ። አሁን ፈረሷ ታነክሳለች?”

“አታነክስም።”

“እግሯ አብጧል?”

“አላበጠም።”

“ሶምሶማ ሄደች?”

“ሄደች።”

“ታዲያ ምን አደረገሽ?”

ይህን ያሉኝ በክፋት አይደለም፤ የእውነት ሊገባቸው ፈልገው ነው። ሁሉም መልሴን ይጠብቃሉ። አጎቴ ቢራውን አንሥቶ ጎንጨት አለ። ምን ብዬ ላስረዳ? የማሳያቸው ቁስል የለኝም። እዚያው እንደቆምኩ፣ ያቺን ቀዝቃዛ እግር ዳስሼ ካለቀስኩ ሳምንት ሳይሞላ፣ ምነው ባነከሰች ብዬ ተመኘሁ። ብዙ አይደለም፤ እነሱ እንዲያዩት ያህል ብቻ።