ተራራውን የሚያዩልኝ አያቴ

ቆቦ አስተምሬ ወደ ቤት ልመለስ ስል፣ አያቴ ከወንዙ ማዶ ይደውሉልኝ ነበር። «ልጄ፣ ተራራው ጠቁሯል። እዚህ ፀሐይ ነው ብለሽ ደረቁ ወንዝ ውስጥ እንዳትገቢ፤ ጎርፉ ከላይ ነው የሚመጣው።» ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው።

የማስተምረው እንግሊዝኛ ነው። አንድ ቀን፣ «አባባ፣ ‹ፕሪሞኒሽ› የሚል ቃል አገኘሁ፤ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ማለት ነው። የእርስዎ ሥራ» አልኳቸው።

«እንግሊዞቹ ይናገሩበታል?»

«አሁንማ ተረስቷል።»

«ታዲያ ልጆቻቸውን ከጎርፍ በምን ይመልሳሉ?» አሉኝ፣ ከልባቸው አዝነው።

አያቴን ከቀበርናቸው ሦስት ሳምንት ሆነ። ትናንት ስልኬን ይዤ ወንዙ ዳር ቆምኩ። ገበያተኛው አሸዋውን እየረገጠ ያልፋል። ቀና ብዬ ተራራውን አየሁት፤ የጎርፍ ደመና ይሁን ዝም ብሎ የሚያልፍ፣ መለየት አቃተኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እሳቸው ስላዩልኝ፣ እኔ ማየት አልተማርኩም።